ከጀልባው በፊት፦ የናይትስ ፌሪ መሻገሪያና የወርቅ ዘመን ትዝታ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)

በዚህ መድረክ እንድናገር የተጋበዝሁት ጉዞ ለታሪክ ጥናት ስላለው ጥቅም ነው። ግብዣውን በደስታ የተቀበልሁት ብዙ አገር ስላየሁ ሳይሆን በአደባባይ የማርመው ነገር ስላለኝ ነው። የኢኮኖሚ ታሪክ መግቢያን ከእኔ ጋር የተማራችሁ፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ስለምትገኝ ናይትስ ፌሪ ስለምትባል አነስተኛ መንደር ስናገር ሰምታችኋል። መንደሯን ከጎበኘሁ በኋላ ለአራት ዓመታት ያህል በየክፍሉ ምሳሌ አድርጌ አቅርቤያታለሁ። ያስተማርኋችሁ ሐሰት አልነበረም፤ ዋናውን ነገር ግን ዘሎት ነበር። የዘለልሁትንም ያሳየችኝ ከእናንተው መካከል የነበረች አንዲት ተማሪ ናት።

ስለዚህ በመጀመሪያ ያየሁትን፣ ቀጥሎ ከዚያ ተነሥቼ ያስተማርሁትን፣ በመጨረሻም ሳላይ የቀረሁትን እነግራችኋለሁ። የአሜሪካን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ጉብኝቱ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ለአንድ ጉባኤ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሄጄ ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ ሁለት ቀን ስለተረፈኝ፣ ኦክላንድ የሚኖረውን የእህቴን ልጅ ከወርቅ ዘመን ከተሞች አንዷን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። እርሱ ሊወስደኝ ያሰበው ስማቸው ወደ ገነነው፣ ጎብኚ ወደሚበዛባቸው ከተሞች ነበር። እኔ ግን ካርታ ስመለከት ስታኒስላውስ በሚባል ወንዝ ዳር «ናይትስ ፌሪ» የሚል ስም አየሁ፤ ትርጉሙም የናይት ማሻገሪያ ጀልባ ማለት ነው። የዶክትሬት ጥናቴ በጥንት የንግድ መንገዶችና በኬላዎች ላይ ስለነበር፣ መሻገሪያ የሚል ስም ሳይ ልቤ መደንገጡ የታወቀ ነው። «ወደዚህ ውሰደኝ» አልሁት።

በማለዳ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ነዳን። ሰፊውን ሸለቆና ማለቂያ የሌለው የሚመስለውን የአልሞንድ ተክል አልፈን፣ ሣሩ በፀሐይ ደርቆ ወርቅማ ቀለም ወደያዘበት ኮረብታማ አገር ደረስን። በአገራችን ዝናብ የሚዘንብበት ወቅት በዚያ ሐሩር ነው፤ ለዚያውም ካሊፎርኒያን ለዓመታት የመታት ድርቅ ገና አልለቀቀም ነበር። ከኮረብቶቹ ግርጌ ወንዙ ታየ። ወጣቶች በጎማ ጀልባ እየተንሳፈፉ ይሳሳቃሉ። ከበላያቸው ግድግዳና ጣሪያ ያለው ረጅም የእንጨት ድልድይ፣ በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ተዘርግቷል።

ወደ ድልድዩ ገባን። ከውጭው ሐሩር በኋላ ውስጡ እንደ ጎተራ ጨለምለም ያለና ቀዝቃዛ ነው። በሳንቃዎቹ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ይሰነጣጠራል፤ የአሮጌ እንጨት ሽታ አለ። ርዝመቱ 330 ጫማ፣ ማለትም 100 ሜትር ያህል ነው፤ እኔም በእርምጃዬ ለካሁት። ከ1981 ጀምሮ ለተሽከርካሪ ተዘግቷል፤ በ2012 ደግሞ በብሔራዊ የታሪክ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሠሪዎቹ የተጠቀሙበት ስልት ዊሊያም ሃው የተባለ አሜሪካዊ በ1840 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው። በሰያፍ የቆሙት ወፋፍራም እንጨቶች ግፊቱን ይሸከማሉ፤ ቀጥ ብለው የቆሙት የብረት ዘንጎች ስበቱን ይይዛሉ። ጣሪያና ግድግዳ የተሠራለት ለውበት ሳይሆን ተሸካሚዎቹ እንጨቶች በዝናብ እንዳይበሰብሱ ነው።

የእህቴ ልጅ ከዳር እስከ ዳር አብሮኝ ከተራመደ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የነዳነው ለዚህ ነው?» አለኝ። እኔ ግን ረክቼ ነበር። ጣሪያ አልባ ሆኖ የቆመውን የድንጋይ ወፍጮ ቤት፣ ከብረት የተሠራችውን ጠባብ ወህኒ ቤት፣ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ንግዱ እንዳልተቋረጠ የሚነገርለትን ሱቅ አየሁ። በማስታወሻ ደብተሬ አራት ገጽ ጻፍሁ። ያ አራት ገጽ ነው በኋላ ትምህርት የሆናችሁ።

መሻገሪያው ለምን በዚያ ሆነ?

በጥር 24 ቀን 1848 ጄምስ ማርሻል የተባለ አናጢ፣ ኮሎማ በሚባል ስፍራ በሚያሠራው የእንጨት መሰንጠቂያ የውኃ ቦይ ውስጥ ወርቅ አገኘ። በዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ ሕዝብ፣ ነባሮቹን ሕዝቦች ሳይጨምር፣ 14,000 ያህል ነበር። በ1852 ከ220,000 በላይ ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ የመጣው ይህ ሁሉ ሰው መብላት፣ መልበስ፣ አካፋና ገበቴ መግዛት፣ ከሁሉ አስቀድሞም መሻገር ነበረበት።

የወርቁ ምድር በሁለት ይከፈል ነበር። የሰሜኑ ማዕድን ስንቁን ከሳክራሜንቶ ያገኛል። የደቡቡ ማዕድን መነሻ ደግሞ በሳን ዋኪን ወንዝ በኩል መርከብ የሚደርስባት የስቶክተን ከተማ ነበረች። ከስቶክተን ተነሥቶ ወደ ሶኖራና በዙሪያዋ ወዳሉት የወርቅ ሰፈሮች የሚሄድ በቅሎና ሠረገላ ሁሉ የስታኒስላውስን ወንዝ ማቋረጥ ግዴታው ነው። ከላይ ገደል አለ፤ ከታች ወንዙ ሜዳው ላይ ይንሰራፋል። ናይትስ ፌሪ ያለችው ወንዙ ከኮረብታ ወጥቶ ሜዳውን ሊይዝ ሲል፣ ዳርና ዳሩ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ላይ ነው። የመልክዓ ምድሩን ምክንያት ለመረዳት ድልድዩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ ማየት ይበቃል። የጉዞ ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው፤ ካርታው የማይነግራችሁን እግራችሁ ይነግራችኋል።

ዊሊያም ናይት ወርቅ ከመገኘቱ በፊት፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ ካሊፎርኒያ የገባ ሰው ነው። ቀደም ሲልም በሳክራሜንቶ ወንዝ ላይ እስከ ዛሬ በስሙ የምትጠራ ሌላ ወደብ ነበረችው። የወርቁ ወሬ ሲነፍስ ወደ ስታኒስላውስ መጥቶ ጀልባ አቆመ። ነገር ግን በኅዳር 1849 ሞተ። ጀልባው ለጆንና ለሉዊስ ዴንት፣ እንዲሁም ለሸሪካቸው ለቫንታይን ተላለፈ። የዴንቶች እህት ጁሊያ የዩሊሰስ ግራንት ባለቤት ናት። ያኔ ዝቅተኛ መኮንን የነበረው፣ በኋላም በእርስ በርሱ ጦርነት የሰሜኑ ሠራዊት የበላይ አዛዥ፣ ቀጥሎም ከ1869 እስከ 1877 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ግራንት፣ በ1852 እና በ1854 አማቾቹን ሊጠይቅ ወደዚህ መሻገሪያ መጥቷል። የመንደሩ ሰው የድልድዩን ንድፍ ያወጣው ግራንት ነው እያለ ይተርካል። ድልድዩ የቆመው ግራንት ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ወሬው ለማመን ይከብዳል፤ ግን ትንሽ መንደር ከትልቅ ስም ጋር መተሳሰር መፈለጓ በእኛም አገር ያለ ነው።

ወርቁ ከማን እጅ ገባ?

አሁን ወደ ትምህርቴ ዋና ነጥብ ልምጣ። የታሪክ ጸሐፊው ሮድማን ፖል ባሰላው ግምት መሠረት፣ አንድ ወርቅ ቆፋሪ በ1848 በቀን 20 ዶላር ያህል ያገኝ ነበር። በ1849 ወደ 16፣ በ1850 ወደ 10፣ በ1852 ወደ 6 ወረደ፤ በ1850ዎቹ መጨረሻ 3 ዶላር ደረሰ። ልብ በሉ፤ የካሊፎርኒያ ወርቅ ምርት ጣሪያ የነካው በ1852 ነው፤ በዚያ ዓመት 81 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ወጥቷል። ምርቱ ከፍ ባለበት ዓመት የቆፋሪው የቀን ገቢ ከመነሻው ሲሶ እንኳ አልሞላም። የቀላሉ ወርቅ ተለቅሟል፤ የገበቴው ዘመን አልፎ የማኅበርና የካፒታል ዘመን እየመጣ ነበር።

በሌላ በኩል መሻገሪያውን ተመልከቱ። በዚሁ ወንዝ ላይ፣ ከናይትስ ፌሪ ወደ ላይ፣ ሮቢንሰንስ ፌሪ የሚባል ሌላ መሻገሪያ ነበር። በ1849 በስድስት ሳምንት ውስጥ 10,000 ዶላር እንደሰበሰበ ተመዝግቧል። ሒሳቡን እንሥራው። በቀን ከ230 ዶላር በላይ ማለት ነው፤ ይህም በዚያው ዓመት የ14 ወይም የ15 ቆፋሪዎች የቀን ገቢ ነው። ቆፋሪው ዛሬ ያገኛል፣ ነገ ያጣል። ባለጀልባው ግን ከሚያገኘውም ከሚያጣውም ያስከፍላል፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያስከፍላል። የኬላን ታሪክ ለምታውቁ ነገሩ አዲስ አይደለም። በመንገድ ማነቆ ላይ የተቀመጠ ሰው ጨው የጫነውንም፣ ቡና የጫነውንም፣ ባዶ አህያ የሚነዳውንም በእኩል ዓይን ያያል።

በ1850 ደግሞ የካሊፎርኒያ መንግሥት በውጭ አገር ዜጎች ቆፋሪዎች ላይ በወር 20 ዶላር ግብር ጣለ። ከሜክሲኮና ከቺሊ መጥተው የደቡቡን ማዕድን ያቀኑት ሰዎች በብዛት ለቅቀው ወረዱ። ግብሩ በዓመቱ ተሽሮ በ1852 በተለየ መጠን ሲመለስ፣ ሸክሙ ይበልጡን ያረፈው በቻይናውያን ላይ ነበር። ሶኖራ የሚለው የከተማዋ ስም ራሱ ከሜክሲኮው የሶኖራ ግዛት ከመጡት ቆፋሪዎች የተወረሰ ነው። የተባረረውም ቢሆን ሲወርድ ለጀልባው ከፍሎ ነው የተሻገረው።

ጎርፉ፣ ድልድዩና ባቡሩ

በ1850ዎቹ መጨረሻ ጀልባውን ድልድይ ተካው፤ ባለጀልባውን ባለድልድይ ተካው፤ ቀረጡ ግን ቀጠለ። ከዚያ በ1861 መጨረሻ ዝናብ ጀመረ፤ ለሳምንታትም አላባራም። በጥር 1862 ዋና ከተማዋ ሳክራሜንቶ ከመጥለቅለቋ የተነሣ፣ አዲሱ አገረ ገዥ ሌላንድ ስታንፎርድ ወደ በዓለ ሲመታቸው የሄዱት በታንኳ ነበር። በናይትስ ፌሪ የነበረው ድልድይም አልቀረለትም። የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ድልድዩ የጎርፉን ኃይል ችሎ ቆሞ ሳለ፣ ከላይ በኩል የነበረ ሌላ ድልድይ ተነቅሎ እየተንሳፈፈ መጣና ገጭቶ ጣለው።

ዛሬ የቆመው ድልድይ ከዚያ ጎርፍ በኋላ የተሠራው ነው፤ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ተሠራ። ይህን ነጥብ ለምህንድስና ተማሪዎች ሁልጊዜ አነሣዋለሁ። የድልድዩ ከፍታ የጎርፉ መዝገብ ነው፤ ሠሪዎቹ ያዩትን አደጋ በድንጋይ ምሰሶ ጽፈውታል።

መንደሯም በዚያው በ1862 የስታኒስላውስ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። ፍርድ ቤት፣ ሆቴል፣ ወፍጮ ነበራት። ወርቁ እያነሰ ሲሄድ ስንዴ ተተካ፤ ወፍጮው ከታችኛው ሸለቆ የሚመጣውን ስንዴ ይፈጭ ጀመር። ነገር ግን በ1870 የባቡር ሐዲድ በሜዳው በኩል አልፎ ሞዴስቶ የምትባል አዲስ ከተማ ፈጠረ። ሐዲዱ ኮረብታው ሥር ያለውን መሻገሪያ አላስፈለገውም። ብዙም ሳይቆይ የአውራጃው መቀመጫ ወደ ሞዴስቶ ተዛወረ። በ1880ዎቹ አውራጃው ድልድዩን ገዝቶ ቀረጡን አስቀረው። ናይትስ ፌሪ ያን ጊዜ ባለችበት ቆመች። ዛሬ ሄደን ልናያት የቻልነው ማንም አፍርሶ ሊገነባባት ስላልፈለገ ነው።

እንግዲህ የአራት ዓመት ትምህርቴ ይህ ነበር። መደምደሚያዬም ግልጽ ነበር፤ ወርቅ ያልፋል፣ ማነቆው ላይ የተቀመጠ ይከብራል፣ አዲስ መንገድ ሲመጣ ደግሞ ማነቆው ይፈታል። አሁንም ይህን አምናለሁ።

የተማሪዋ ጥያቄ

በአራተኛው ዓመት ይህንኑ ካስተማርሁ በኋላ አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። «መምህር፣ ጀልባው ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ወንዙን እንዴት ይሻገሩ ነበር?» አለች።

እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያ ስሜቴ ጥያቄው ቀላል ነው የሚል ነበር። «በዋና፣ ወይም ውኃው ሲጎድል በእግር» ልል አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ግን «እነማን?» የሚለው መጣብኝ። በአራት ገጽ ማስታወሻዬ ውስጥ ከዊሊያም ናይት በፊት አንድም ሰው የለም። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሆኖም ታሪኩን የጀመርሁት የመጀመሪያው ደረሰኝ ከተቆረጠበት ቀን ነው። «ፈልጌ እነግርሻለሁ» አልኋት። ያገኘሁትን ለእርሷ ነግሬያታለሁ፤ ዛሬ ለእናንተ እነግራለሁ።

ከጀልባው በፊት

ወንዙ ከሸለቆው ወገን የዮኩትስ፣ ከኮረብታው ወገን የሚዎክ ሕዝቦች አገር ነበር። ዮኩትስ ከረግረግ ሸምበቆ ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ እያሰሩ፣ ጫፉን እያሾሉ። ጣናን ያየና የደንገል ታንኳ ሲታሰር የተመለከተ ሰው ሥራውን ወዲያው ይረዳዋል። ስለዚህ የጥያቄው አጭር መልስ ይህ ነው፤ ሰዎች በራሳቸው ታንኳ፣ ያለ ቀረጥ ይሻገሩ ነበር።

ረጅሙ መልስ በወንዙ ስም ውስጥ አለ። ስታኒስላውስ የሚለውን ስም መቶ ጊዜ ጠርቼው ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። ስሙ የአንድ ዮኩትስ ሰው ነው። በትውልድ ስሙ ኩኩኑቺ ይባላል፤ በሳን ሆሴ ሚሲዮን ሲጠመቅ ኤስታኒስላኦ ተባለ። በሚሲዮኑም በኃላፊነት አገልግሏል። በ1820ዎቹ መጨረሻ፣ ካሊፎርኒያ በሜክሲኮ ሥር ሳለች፣ ከሚሲዮኑ ወጥቶ በዚህ ወንዝ ዳር መሸገና ብዙ ሰው አስከተለ። የተላኩበትን ወታደሮች መከተ። በ1829 ማሪያኖ ቫዬሆ መድፍ ይዞ ዘመተበት። በመጨረሻ ኤስታኒስላኦ በሚሲዮኑ ቄስ አማላጅነት ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ። ስሙ ግን ከወንዙ አልተላቀቀም፤ ከወንዙም ወደ አውራጃው ተላለፈ። በኋላ ወርቅ ፍለጋ የመጡት ሁሉ ሳያውቁት የአንድ አመፀኛን ስም እየጠሩ ተሻገሩ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይከብዳል። በ1833 የወባ ወረርሽኝ ሸለቆውን መታው፤ በርካታ መንደሮች ጠፉ። ወርቁ ሲገኝ በመላዋ ካሊፎርኒያ 150,000 ያህል ይገመት የነበረው የነባር ሕዝቦች ቁጥር በ1860 ወደ 30,000 ወርዷል። በሽታ፣ ረሃብ፣ ከመሬት መፈናቀል፣ በግልጽ የተፈጸመ ግድያም ምክንያቶቹ ናቸው። በ1850 የወጣው የነባሮች «አስተዳደርና ጥበቃ» ሕግ፣ በስሙ ጥበቃ ይሁን እንጂ በተግባር ሰውን ለግዳጅ ሥራ አሳልፎ የሚሰጥ ነበር።

አሁን ወደ መሻገሪያችን እንመለስ። ከመጋቢት 1851 እስከ ጥር 1852 ድረስ የፌዴራሉ መንግሥት የላካቸው ሦስት ኮሚሽነሮች ከካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች ጋር 18 ውሎችን ተፈራረሙ። በውሎቹ መሠረት ሕዝቦቹ ሰፊውን አገራቸውን ይለቃሉ፤ በምትኩ ተከልሎ የሚጠበቅላቸው መሬት፣ ከብትና ሌላም ርዳታ ያገኛሉ። ከእነዚህ ውሎች አንዱ የተፈረመው በግንቦት 28 ቀን 1851፣ በስታኒስላውስ ወንዝ ላይ፣ በዴንትና በቫንታይን መሻገሪያ ነው። ኮሚሽነሩ ኦሊቨር ዎዘንክራፍት ነበር። የሕዝቡ መሪዎች በስማቸው አጠገብ ምልክታቸውን አኖሩ።

የዴንትና የቫንታይን መሻገሪያ የት ነው? ናይትስ ፌሪ ነዋ! ግራንት አማቾቹን ሊጠይቅ የመጣበት፣ እኔ በእርምጃ የለካሁት፣ የእህቴ ልጅ «ለዚህ ነው?» ያለኝ ቦታ ነው።

ውሎቹ ወደ ዋሽንግተን ሄዱ። የካሊፎርኒያ ፖለቲከኞች ተቃወሟቸው፤ የተከለለው መሬት ወርቅ ወይም ለም አፈር ሊኖረው ይችላል የሚለው ስጋት ከተቃውሞው አንዱ ምክንያት ነበር። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ1852 አጋማሽ በዝግ ስብሰባ 18ቱንም ሳያጸድቃቸው ቀረ። ሰነዶቹም በምሥጢር እንዲያዙ ተወሰነ። ምሥጢሩ የተነሣው በ1905 ነው፤ 53 ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ መካከል ምልክታቸውን ያኖሩት ሰዎች የሰጡትን ሰጥተዋል፤ የተቀበሉት ግን አልነበረም። የውሉ ወረቀት ዋሽንግተን ውስጥ ተቆልፎ ሳለ፣ እዚህ ጀልባው ድልድይ ሆነ፣ ድልድዩ በጎርፍ ሄደ፣ ሁለተኛው ተሠራ፣ ፍርድ ቤት ተከፈተና ተዘጋ፣ ባቡር መጣ።

ይህን ሳነብ ደብተሬን አውጥቼ አራቱን ገጽ እንደገና አነበብኋቸው። ስለ እንጨቱና ስለ ብረቱ በጥንቃቄ ጽፌአለሁ። መሻገሪያው የሦስት ሰዎች ንብረት የሆነበትን ቀን ጽፌአለሁ። የአንድ ሕዝብ ቃል ኪዳን በዚያው ዳርቻ ላይ መታሰሩንና መፍረሱን ግን አላወቅሁም። ማንንም መውቀስ አልችልም፤ ሰነዶቹ ከ1905 ጀምሮ ክፍት ናቸው። የጎደለው ጥያቄው ነው።

ለጥናታችን

ከዚህ ተነሥቼ ለወጣት ተመራማሪዎች ሦስት ነገሮችን ላስታውስ።

የመጀመሪያው ስለ ስም ነው። በአገራችን መልካ በሚል ቃል የሚጀምሩ ብዙ የቦታ ስሞች አሉ፤ መልካ ቁንጥሬ፣ መልካ ወረር፣ መልካ ጀብዱ። መልካ ማለት የወንዝ መሻገሪያ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ስም ሰው ወንዙን በእግሩ ከተሻገረበት ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። ናይትስ ፌሪ ግን በባለንብረት ስም የተጠራ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ስሙ መቼ እንደጀመረ ጠይቁ። የቦታው ታሪክ ከዚያ ስም በፊት ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ትገምታላችሁ።

ሁለተኛው ስለ ቅርስ ነው። ድልድዩ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ በሄድሁበት ዓላማ አልጸጸትም። ነገር ግን የቆመ ነገር ዓይንን ይስባል፤ የሸምበቆ ታንኳ ግን በስብሶ ይቀራል። ከሮቢንሰንስ ፌሪም ዛሬ የሚታይ የለም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በተጠናቀቀው የኒው ሜሎኒስ ግድብ ሐይቅ ሥር ነው። በቆመው ብቻ ታሪክ ብንጽፍ የምንጽፈው በድንጋይና በወፍራም እንጨት መሥራት የቻሉትን ሰዎች ታሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎብኚው ተመራማሪ ካየ በኋላ ወደ መዝገብ ቤት መሄድ አለበት፤ መዝገብ ያነበበውም ወደ ቦታው መሄድ አለበት። እኔ ግማሹን ሠርቼ ሙሉ ያደረግሁ መሰለኝ።

ሦስተኛው ለእኛው ሥራ የቀረበ ነው። ከእናንተ መካከል በአዶላም ሆነ በሌሎች የወርቅ አካባቢዎቻችን ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ አላችሁ። ያነበብኋቸው ረቂቆች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ወርቁ «ከተገኘበት» ዓመት ነው። እለምናችኋለሁ፤ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ሂዱ። መሬቱን ማን ያርስበት፣ ማን ከብት ያሰማራበት፣ ወንዙን ማን በየት በኩል ይሻገርበት ነበር? ከቦታው ሽማግሌዎች ጋር የቃል ስምምነት ተደርጎ ከሆነ፣ ማን ምን ቃል ገባ? ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመ? እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ መልስ ያላቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ካልጠየቃችሁ፣ ነገ የምታገኙት የባለጀልባውን ደረሰኝ ብቻ ነው።

በዚህ ዓመት ያንኑ ትምህርት እንደገና አስተምሬዋለሁ። የቆፋሪውና የባለጀልባው ሒሳብ፣ ጎርፉ፣ ባቡሩ በነበሩበት ናቸው። የቀየርሁት የመጀመሪያውን ስላይድ ነው። ቀድሞ «ዊሊያም ናይት ጀልባ አቆመ» ይል ነበር። አሁን «ከጀልባው በፊት» ይላል፤ ከሥሩ ኩኩኑቺ የሚለው ስምና ግንቦት 28 ቀን 1851 የሚለው ቀን አሉ። ጥያቄውን የጠየቀችኝ ተማሪ ዛሬ ተመርቃ ሄዳለች፤ ንግግሩን ታነበው እንደሆነ ምስጋናዬ ይድረሳት።

አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ፤ በተለይ ቀላል ለሚመስሉት።